ውይይት፦ ጀልባ በማይመጣበት ሳምንት፤ ከትናንሽ የሐሩር ደሴቶች ለደቅ የሚሆነው ምንድን ነው?

የደቅ መምህር
ግንቦት 4

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ታዳሚዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በጣና ሐይቅ ውስጥ በደቅ ደሴት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ከቀበሌው ሰዎችና ከእድሮቻችን ጋር ተቀምጠን ለወጀብ፣ ለመብረቅና ለውኃ ሙላት የሚሆን አነስተኛ ዕቅድ ለማውጣት ተስማምተናል፤ የመጻፉ ነገር ደግሞ እንደተለመደው «አንተ ለፊደል ትቀርባለህ» ተብሎ በእኔ ላይ ወድቋል።

ሥራውን የጀመርኩት ለከተማ ነዋሪ የተዘጋጁ መመሪያዎችን በማንበብ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኞቹ «በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ»፣ «ዋናውን መንገድ ይጠቀሙ» የሚሉ በመሆናቸው ብዙም አልጠቀሙኝም። በእኛ ዘንድ ዋናው መንገድ ውኃው ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘጋውም እርሱ ነው። ስለዚህ ፊቴን ወደ ሌሎች የሐሩር ክልል ደሴቶች አዞርኩ። (በነገራችን ላይ ደቅ በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከብዙዎቹ የካሪቢያን ደሴቶች ይልቅ ለምድር ወገብ ትቀርባለች፤ ነፋሻ ያደረጋት ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋው ከፍታዋ ነው።)

ከሁሉም ይበልጥ ቀልቤን የሳበችው በሰሎሞን ደሴቶች ጠረፍ ያለችው ቲኮፒያ ናት። ስፋቷ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝቧም ከአንድ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2002 መጨረሻ ዞኢ የተባለው እጅግ ኃይለኛ ሳይክሎን (ከሞቀ ውቅያኖስ ላይ የሚነሣ የሚሽከረከር ወጀብ) ቤቱንም ተክሉንም ጠራርጎባት ሄደ፤ መገናኛ በመቋረጡና መርከብ ቀናት በመዘግየቱ የውጭው ዓለም ሕዝቡ አልቋል ብሎ ሰግቶ ነበር። በኋላ ሲደረስ ግን አንድም ሰው አልሞተም፤ ነዋሪዎቹ የነፋሱን ጠባይ ከአባቶቻቸው የተማሩ በመሆናቸው ወደ ከፍተኛው ስፍራ ወጥተው በዐለት ጥላ ሥር ተጠልለው ነበር። ስለ ምግባቸው ሳነብ ደግሞ የእኛ የእህል ጉድጓድ ትዝ አለኝ፤ የዳቦ ዛፍ የሚባለውን ፍሬ በቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ በማብላላት ለክፉ ቀን ያኖራሉ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከእነዚህ ደሴቶች ልማድ ለደቅ የሚሆነው የትኛው ነው? የማይሆነውስ?

የፍኖተ ሰላም ገበሬ
ግንቦት 4

መምህር፣ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሌለብንን በሽታ መድኃኒት እንዳንገዛ እሰጋለሁ። ሳይክሎን እንዲፈጠር ከ26 ዲግሪ በላይ የሞቀ ሰፊ ውቅያኖስ ያስፈልገዋል፤ ምድር ላይ ከወጣ በኋላም የሚመግበውን ውኃ አጥቶ ይደክማል። ጣና ላይ ሳይክሎን አይመጣም፣ ሱናሚም አይነሣም። የእኛ ጠላት መብረቅ፣ በረዶና ጎርፍ ነው። ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ሦስት ከብቶቹን በአንድ ሾላ ሥር በአንድ መብረቅ አጥቷል። ዕቅዱ ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

ቶሮንሃ (ደብረ ማርቆስ)
ግንቦት 5

መምህር፣ ጥያቄዎ ከአርባ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መለሰኝ። የተወለድኩት ደጀን አካባቢ ነው። አባቴ በምሥራቁ ጦርነት በመሞቱ ገና ልጅ ሳለሁ፣ መንግሥት ወደ ኩባ ከላካቸው በሺዎች ከሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ጋር ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባለው «የወጣቶች ደሴት» ሄድኩ። እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ «የጥድ ደሴት» ትባል ነበር፤ ከዋናው የኩባ ምድር ጋር የሚያገናኛት መርከብና አውሮፕላን ብቻ ነው። ግማሽ ቀን እንማር ነበር፤ ግማሽ ቀን ደግሞ ቶሮንሃ የሚሉትን ግሬፕፍሩት እንለቅም ነበር፤ በዚህ መድረክ የምጠራበት ስም ከዚያ የመጣ ነው።

በነበርኩባቸው ዓመታት የትምህርት ቤታችንን ጣራ ያነሣ ማዕበል አልገጠመኝም፤ ስለዚህ የምተርከው የጀግንነት ታሪክ የለኝም። ያየሁት ዝግጅቱን ነው፤ ዛሬ ቆም ብዬ ሳስበው ግን ለእናንተ የሚጠቅመው ይኸው ይመስለኛል። በኩባ የማዕበል፣ ማለትም የሳይክሎን ዓይነት ወጀብ፣ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን፣ ሰዉ እንደ እኛ ክረምት መግቢያውንና መውጫውን አውቆ ይጠብቀዋል። አገሩ ሥርዐቱን የተማረው በመከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1963 ፍሎራ የተባለው ማዕበል በምሥራቁ ክፍል ላይ ለቀናት ሲዞር ቆይቶ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ገድሏል። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ በአራት ደረጃ ተከፈለ። በመጀመሪያው ደረጃ ወሬው ብቻ ይነገራል፤ በሁለተኛው ሁሉም ዕቃውን ይሰበስባል፤ በሦስተኛው ሰው ከቦታው ይንቀሳቀሳል፤ አራተኛው ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ያለው የማገገሚያ ጊዜ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን የደረጃዎቹ ቁጥር ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መታወቁ ነው። የእኔ ድርሻ የመኝታ ክፍላችንን የመስኮት መዝጊያዎች መዝጋትና ከወጥ ቤቱ በስተጀርባ ያሉትን ሁለት በርሜሎች ውኃ መሙላት ነበር። በርሜሎቹ ሳይሞሉ ዝናቡ ቢጀምር የሚጠየቀው መምህሩ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። የ13 ዓመት ልጅ ሳለሁ ያን በርሜል ሌሊት ተነሥቼ በእጄ እየዳሰስኩ ሞልቶ እንደሆነ አረጋግጥ ነበር።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የመጠለያው ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ኩባውያን ወደ ትልልቅ የመንግሥት አዳራሾች የሚጎርፉ ይመስለዋል። ይህ አለ፤ ነገር ግን አብዛኛው ተፈናቃይ የሚያድረው ጠንካራ ቤት ባለው ዘመዱ ወይም ጎረቤቱ ዘንድ ነው፤ የማን ቤተሰብ ከማን ቤት እንደሚገባም ወቅቱ ሳይደርስ ይታወቃል። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሜቴዎሮ በሚባል ዓመታዊ ልምምድ የመሥሪያ ቤቱም የሰፈሩም ሰው ድርሻውን ይለማመዳል፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ይከረከማል፣ የውኃ መውረጃ ይጸዳል። በኦገስት 2008 ጉስታቭ የተባለው ማዕበል ያችኑ ደሴቴን በቀጥታ መታት፤ ወደ ዋናው ምድር ተሻግሮም በአንድ ጣቢያ 340 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚደርስ ነፋስ ተለካ። ቤቱና የመብራት ምሰሶው ወደቀ፤ በኩባ ግን በዚያ ማዕበል የሞተ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ፣ የፍኖተ ሰላሙ ወንድሜ፣ ሳይክሎን ወደ ጣና እንደማይመጣ እስማማለሁ። መምህሩ የሚፈልጉት ግን ሳይክሎኑን ሳይሆን በርሜሉን ይመስለኛል።

የፍኖተ ሰላም ገበሬ
ግንቦት 5

ጋሼ፣ «በርሜሉን» ያሉኝ ገብቶኛል፤ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ይጨመርልኝ። እነዚያ ተማሪዎች ነበሩ፤ የሚተዉት ንብረት አልነበራቸውም። ገበሬ ግን ላሙን ትቶ ከጎረቤት ቤት አያድርም። «ሰዉን አንሡ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ በሬው የት ይታሰራል?

የደቅ መምህር
ግንቦት 6

ይህ ጥያቄ ከተነሡት ሁሉ ከባዱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ያነበብኳቸው ሁለት ታሪኮች ከእርስዎ ጎን የሚቆሙ ናቸው።

አንደኛው በካሪቢያን ያለችው የሞንትሴራት ነው። ሱፍሪዬር ሂልስ የሚባለው የዚያች ደሴት እሳተ ገሞራ በጁላይ 1995 ከነቃ በኋላ የደቡቡ ክፍል ሰው እንዳይገባበት ተከለከለ፤ ዋና ከተማው ፕሊማውዝም ባዶውን ቀረ። ይሁን እንጂ እርሻው የነበረው በዚያው በተከለከለው ምድር ላይ ነበር። በጁን 25 ቀን 1997 የጋለ ዐመድና ጋዝ ተንዶ ሲወርድ 19 ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ሰብላቸውን ሊያዩ የገቡ ገበሬዎች ይገኙበት ነበር። ሰዎቹ ክልከላውን አላወቁም ማለት አይቻልም፤ መሬታቸው ከወሰኑ ወዲያ ሆኖባቸው ነው እንጂ።

ሁለተኛው የባርቡዳ ነው። በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ የተባለው ማዕበል ደሴቲቱን ካወደመ በኋላ ሌላ ማዕበል ይከተላል ተብሎ ስለተሰጋ፣ 1,800 ያህሉ ነዋሪ በሙሉ ወደ እኅት ደሴቷ አንቲጓ ተወሰደ። ሰዉ ተረፈ፤ ከብቱና ውሻው ግን ባለቤት አልባ ሆኖ ባዶ መንደር ውስጥ ቀረ።

ስለዚህ ስለ ከብቱ ሳይጽፍ የሚያልፍ ዕቅድ ገበሬውን ወደ አደጋው መልሶ የሚልክ ነው። በደቅ ከብት በጀልባ ማውጣት የማይታሰብ በመሆኑ፣ ያለን አማራጭ ውኃው የማይደርስበትን፣ ነጠላ ረጅም ዛፍ የሌለበትን ከፍ ያለ ግጦሽ መርጦ ለዚሁ ማቆየት ነው። ችግሩ እንዲህ ያለው ቦታ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው፤ በስብሰባችን ላይ ከሁሉ ረጅም ክርክር የሚያስነሣውም ይኸው እንደሚሆን ከወዲሁ ይታየኛል።

የዘጌ ካፒቴን
ግንቦት 6

ስለ ውኃው እኔ ልናገር። በጣና ላይ ሞተር ጀልባ መንዳት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰው «ጥልቅ ካልሆነ ምን ያስፈራል» ይላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነፋስ የሚያስነሣው ሞገድ አጭር፣ ቀጥ ያለና አንዱ ባንዱ ላይ የሚደራረብ ስለሆነ፣ ጀልባው ከአንደኛው ሳይወርድ ሁለተኛው አፍንጫውን ይመታዋል። ጠዋት ውኃው እንደ ዘይት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ይነሣል። ስለዚህ ከደቅ የሚነሣ በሽተኛ ካለ ሌሊቱን ተዘጋጅቶ ጎህ ሲቀድ መነሣት አለበት። «ከምሳ በኋላ እናድርሰው» የሚባለው ነገር ነው ሰው የሚያስጨርሰው።

መንዳት ከመጀመሬ በፊት በአንዲት ጀልባ ላይ በረዳትነት ስሠራ ባለቤቱ ከልክ በላይ ጫነ፤ ስሙን አላነሣም። ሃያ ሁለት ሰውና የማላስታውሰው ያህል ኩንታል ዳጉሳ ይዘን በዘጠኝ ሰዓት ተነሣን። ግማሽ መንገድ ላይ ነፋሱ ዞረ። ላይፍ ጃኬት ነበረ፤ ነገር ግን ከኩንታሎቹ ሥር ነበር። ጃኬቱን ለማውጣት ዳጉሳውን ወደ ውኃ መጣል ነበረብን፤ የእህሉ ባለቤት የነበረች አንዲት እናት ኩንታሏን በሁለት እጇ አቅፋ «ይህ የዓመት ልፋቴ ነው» ስትል ያየኋት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ወጣን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ ጀልባ ጃኬቱ ሳይለበስ ገመድ አይፈታም፤ የተቆጣ ይቆጣ።

ለዕቅዱ የሚሆኑ ሦስት ነገሮች ልበል። ታንኳ ለነፍስ አድን ሥራ የምትቆጥሩ ከሆነ ደረቅ ታንኳ ቁጠሩ፤ ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ሳይቆምና ሳይደርቅ የከረመ ታንኳ ሰው ጭኖ ሩቅ አይሄድም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሰው ነሐሴ ሲያልቅ አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ የሐይቁ ውኃ ግን ከፍ የሚለው ወንዞቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በደንቢያ በኩል ውኃው ሜዳውን ሸፍኖ ስንቱን ሰው እንዳፈናቀለ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሦስተኛው ደግሞ የዳር ደንገል ነው። ጋሼ ቶሮንሃ፣ በኩባ ጀልባ በማዕበል ጊዜ ወዴት ይገባል?

ቶሮንሃ (ደብረ ማርቆስ)
ግንቦት 6

ካፒቴን፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን በማንግሮቭ በተከበቡ ወንዞችና ጠባብ ሰርጦች ውስጥ እያስገቡ ከዛፉ ሥር በብዙ ገመድ ያስሩት ነበር። ማንግሮቭ ሥሩ ጨው ውኃ ውስጥ የሚቆም ዛፍ ነው፤ ሞገዱ በሥሮቹ መካከል ሲያልፍ ጉልበቱን ይጨርሳል። ወዴት እንደሚወስዱኝ ገብቶኛል፤ የእኛ ማንግሮቭ ደንገሉ ነው።

የዘጌ ካፒቴን
ግንቦት 6

አዎን። ዳሩን ለእርሻ ብለን ደንገሉን እየጨረስነው ነው፤ በባዶው ቦታ የመጣልን ደግሞ እንቦጭ ነው። እንቦጭ እንደ ደንገል ሥር ሰዶ ሞገድ አይመክትም፤ በነፋስ ተነድቶ መጥቶ ወደቡን ይዘጋል፣ የሞተሩን ክንፍ ያንቃል። የጀልባ ማሳረፊያውን ከእንቦጭ ማጽዳት ለውበት ተብሎ የሚሠራ አይደለም፤ ምጥ የያዛትን ሴት የማሻገር ጉዳይ ስለሆነ በዕቅዱ ውስጥ ይግባ።

የጤና ባለሙያዋ (ባሕር ዳር)
ግንቦት 7

ስለ ምጥ ከተነሣ በዚያው ልቀጥል። በወጀብ መካከል ምጥ የያዛትን እናት በጀልባ ማሻገር ዕቅድ አይደለም፤ ያለ ዕቅድ የመቅረት ውጤት ነው። የመውለጃዋ ጊዜ በክረምቱ ውስጥ የሚውል እናት ከሁለትና ከሦስት ሳምንት አስቀድማ ተሻግራ በጤና ተቋም የእናቶች ማቆያ ብትቆይ ነው የሚሻለው። ለዚህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዛሬ በግንቦት ወር ስም ዝርዝሩን ብታወጣ፣ ማን መቼ እንደሚሻገርና በሌለችበት ልጆቿን ማን እንደሚጠብቅ ቤተሰቡ ተረጋግቶ ሊመክር ይችላል። ብዙ ጊዜ እናቶች የሚቀሩት መሻገሩን ጠልተው አይደለም፤ ለቤቱ ሰው አጥተው ነው።

ውኃን በተመለከተ፣ በሐይቅ መካከል እየኖሩ የሚጠጣ ውኃ ማጣት ለሰሚ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ጎርፍ የመጸዳጃ ጉድጓዱን አጥቦ ወደ ሐይቁና ወደ ምንጩ ሲያስገባው፣ ውኃው በዓይን ጥሩ ሆኖ በሆድ ክፉ ይሆናል። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለመጠጥና ለማብሰያ በነፍስ ወከፍ በቀን አራት ሊትር ቢመድብ፣ ለሰባት ቀን 140 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ሰባት ጀሪካን ያስፈልገዋል። ሰባት ጀሪካን በሁሉም ቤት እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት በርሜሉ የሰፈሩ ይሁን። ውኃው ከተጠረጠረ ይፈላ፤ ከፈላም በኋላ፣ እኛ ከፍታ ላይ ስለምንኖር፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲንፈቀፈቅ ይቆይ። ተቅማጥ ከተነሣ ደግሞ በጤና ኬላ የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከወዲሁ ማስቀመጥ ይገባል፤ እርሱ ባይገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ጨው ሲበዛ ሕፃኑን ይጎዳልና ልኩ ይጠበቅ።

የደም ግፊት፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ክረምቱ ሲገባ የአንድ ወር መድኃኒት በእጃቸው ይኑር። ውኃ ሲሞላ እባብም እንደ ሰው ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ቤት ስለሚገባ፣ ሌሊት ያለ ባትሪ ባዶ እግር መውረድ ይቅር።

አናጢው (እንጅባራ)
ግንቦት 8

ሁላችሁም ስለ ውኃ ተናገራችሁ፤ ነፋስ ግን ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ጣራን ነው። ሰዉ ነፋስ ጣራን ወደ ታች የሚጫን ይመስለዋል። እውነቱ ግን ነፋሱ በጣራው ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ በጣራው ክፈፍ ሥርና በተከፈተ በር የገባው ደግሞ ከታች ይገፋዋል። ስለዚህ የጣራ ጥንካሬ በክብደቱ ሳይሆን በእስሩ ነው። የካሪቢያኗ ደሴት ዶሚኒካ በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ በተባለው ማዕበል አብዛኛው ጣራዋ ከተነሣ በኋላ መልሳ ስትገነባ ያተኮረችው በዚሁ ነበር፤ ጣራው በአራት በኩል እንዲዳፋ፣ ክፈፉ እንዲያጥር፣ እያንዳንዱም ወራጅ በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር እንዲያያዝ ማለት ነው።

የአባቶቻችን ክብ ሣር ቤት ነፋስ የሚመታው ጠፍጣፋ ገጽ ስለሌለው ይህን ጥበብ ያለ መሐንዲስ ያውቀው ነበር። ወደ ቆርቆሮ ስንሸጋገር ባለ ሁለት ክንፍ ረጅም ጣራ አመጣን፣ ክፈፉን ለጥላ ብለን አንድ ሜትር አወጣን፣ ሚስማሩን ግን ቆጠብን። ቤቱን አፍርሳችሁ ሥሩ አልልም። በግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ደቦ ጠርታችሁ ወራጁን ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ ሁለቴ ዙሩት፤ በጠርዝና በጉልላት በኩል ያለውን ሚስማር አጥብቁ፤ የላላውን ነቅላችሁ ከጎኑ በአዲስ ቦታ ምቱት እንጂ በዚያው ቀዳዳ አትመልሱት። ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ መጫን ግን ይቅር። ነፋሱ ቆርቆሮውን ካነሣው ድንጋዩም አብሮ ይወርዳል።

የዲማ ቆሎ ተማሪ
ግንቦት 8

ከታላላቆቼ በኋላ መናገሬ ይቅር ይባልልኝ። በኢንዶኔዥያ ሲሜሉዌ የምትባል ደሴት አለች። በ1907 እ.ኤ.አ. ሱናሚ ብዙ ሰው ስለገደለባት፣ ነዋሪዎቹ «ስሞንግ» የሚል ቃል አወጡና በእንጉርጉሮና በተረት ለልጆቻቸው አስተላለፉት፤ ምድር በኃይል ተንቀጥቅጣ ባሕሩ ከሸሸ ሳትጠይቅ ወደ ኮረብታ ሩጥ የሚል ነው። በዲሴምበር 26 ቀን 2004 ታላቁ ሱናሚ ሲነሣ ደሴቲቱ ለመንቀጥቀጡ መነሻ እጅግ ቅርብ ስለነበረች ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ መሣሪያ አልደረሰላትም፤ ቃሉ ግን ደረሰ። ከ78 ሺህ ገደማ ነዋሪ የሞቱት ሰባት ሰዎች እንደሆኑ ተመዝግቧል። በወረቀት የተጻፈ ዕቅድ አይጥ ይበላዋል፤ ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው። ለተማሪዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰጣቸውስ፦

ነፋሱ ሲዞር ውኃው ሲጠቁር፣
ታንኳህን ጎትት፣ አትበል ልሻገር።

የፍኖተ ሰላም ገበሬ
ግንቦት 8

ዲያቆን፣ ይህ ጥሩ ነው። ለመብረቁም አንድ ጨምርልን፤ «ከዛፍ ሥር» የምትል ቃል ትኑርበት።

የዲማ ቆሎ ተማሪ
ግንቦት 9

ሰማዩ ሲያጉረመርም ሲጎተት እንደ በር፣
በሬህን ፈትተህ ራቅ ከዛፍ ሥር።

የደቅ መምህር
ግንቦት 20

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረስ። ስብሰባው ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተካሂዷል፤ ያደረግነውንና ያልተሳካልንን ላሳውቃችሁ።

በርሜል በየሰፈሩ አንድ እንዲኖር ተስማምተናል። የሚሞሉት ልጆች ናቸው፤ ስማቸውም በርሜሉ ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ይህን ከጋሼ ቶሮንሃ ሰርቄዋለሁ። የማን ቤተሰብ ከማን ቤት እንደሚጠለል ለመወሰን ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ሁለት የተኳረፉ ቤተሰቦች አብረው አናድርም በማለታቸው ሽማግሌ ተልኳል። ለከብት ማቆያ የሚሆነውን ከፍ ያለ ግጦሽ በተመለከተ ባለመሬቶቹ «ለአንድ ክረምት እንየው» ብለው ፈቅደዋል፤ በምትኩ የተቀረው ሰው አጥራቸውን በወንፈል ያጥርላቸዋል። በክረምቱ የሚወልዱ ዘጠኝ እናቶች በዝርዝሩ ላይ ተመዝግበዋል፤ ስድስቱ አስቀድመው ለመሻገር ተስማምተዋል፣ ለሦስቱ ገና የቤት ጠባቂ አልተገኘም። ስለ ምግብ እናቶች እኔን ነበር ያስተማሩኝ፤ ዳጉሳ ለዓመታት ሳይነቅዝ ስለሚቆይ ከእያንዳንዱ ቤት ጥቂት ተዋጥቶ በአንድ ጎተራ ይቀመጣል፤ እሳት ማንደድ ለማይቻልበት ቀን ደግሞ በሶና ድርቆሽ ይዘጋጃል።

ያልተሳካው የማስጠንቀቂያ ድምፁ ነው። ስልክ ሊጠፋ ይችላልና (በፓስፊክ ያለችው የደሴቶች አገር ቶንጋ በጃንዋሪ 2022 የባሕር ሥር እሳተ ገሞራ ሲፈነዳባት የኢንተርኔት ገመዷ ተበጥሶ ለቀናት ከዓለም ተለይታ ነበር፤ ገመዱ የተጠገነው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው) የእድሩን ጡሩምባ እንጠቀም ብለን ማክሰኞ ዕለት ልምምድ አደረግን። ለሁሉም ነግረናል ብለን ነበር። ጡሩምባው ሲነፋ ግን ግማሹ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሴቶቹም እያለቀሱ «ማን ሞተ?» እያሉ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ጎረፉ። አንዲት አሮጊት ልጃቸው በዚያን ጠዋት ተሻግሮ ስለነበር መሬት ላይ ወድቀው አገኘናቸው፤ እርሳቸውን ለማረጋጋት ስንሞክር ልምምዱ በዚያው ተበተነ። ጡሩምባ በእኛ ዘንድ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው መሆኑን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማግሥቱ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

አሁን ያሰብነው የትምህርት ቤቱን ደወል መጠቀም ነው፤ መኪና እምብዛም በማይታይባት ደሴት በጀልባ መጥቶ ከዋርካው ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። ሦስት ሦስት ጊዜ እየተመታ ሲያቋርጥ ወጀብ፣ ሳያቋርጥ ሲመታ ውኃ ሙላት ማለት ይሆናል።

የጤና ባለሙያዋ (ባሕር ዳር)
ግንቦት 20

አሮጊቷ እንዴት ናቸው? ግፊታቸውን ለክተዋል?

የደቅ መምህር
ግንቦት 20

ደኅና ናቸው፤ ተለክተዋል። ልጃቸውም በማታው ተመልሷል። የበርሜሉ ኃላፊ አድርገናቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በቀን ሁለት ጊዜ ይጠየቃሉ።

የፍኖተ ሰላም ገበሬ
ግንቦት 21

መምህር፣ ቸርኬው የተሰቀለው ከዋርካ ላይ ነው ብለዋል። መብረቅ እየመጣ ሳለ ከዋርካ ሥር ቆሞ ብረት በብረት የሚደበድበው ማን ነው?

የደቅ መምህር
ግንቦት 21

አላሰብኩትም ነበር። ነገ ጠዋት አውርደን በመማሪያ ክፍሉ በረንዳ፣ ከጣራው ሥር እንሰቅለዋለን።

አናጢው (እንጅባራ)
ግንቦት 21

የበረንዳው ወራጅ ቸርኬ የሚሸከም እንደሆነ አስቀድመው ይዩት፤ በሽቦ ሁለቴ ይዙሩት።